ተማሪው ሥራ ሲጠይቅ ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ነው?

ሰኔ ተገባዶ ፈተናው ሲያልቅ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና ካፌዎች በር ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይበረክታል። «ለክረምቱ የሚላላክላችሁ ልጅ አትፈልጉም?» ጠያቂዋ ብዙውን ጊዜ እናት ናት፤ ልጁ ከኋላዋ ቆሞ ጫማውን ያያል። ባለሱቁ ዕድሜውን ይጠይቃል። ዐሥራ ስድስት ሞልቶታል፣ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሷል፣ ኮምፒውተርም ይችላል። «መታወቂያ አለው?» የለውም፤ የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው ዐሥራ ስምንት ዓመት ለሞላው ነው። «እንግዲህ እናቴ፣ ልጅ አሠራህ ተብዬ እንዳልጠየቅ» ይላል ባለሱቁ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሕግ መፍራቱ ከብዙዎቹ ይሻለዋል። የፈራው ሕግ ግን ልጁን እንዳይቀጥር አልከለከለውም፤ ለተማሪው የሥራ ፈቃድ የሚባል ወረቀት አምጡም አላለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የመቀጠሪያ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎታል። ከዚያ በፊት ሲሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 መነሻውን 14 ላይ አስቀምጦት ነበር። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ የተለየ ጥበቃም ተደርጎለታል። አዋቂው በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ እርሱ ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት ማሠራትም እንደዚሁ ክልክል ነው። ሕይወቱንና ጤናውን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ላይ አይመደብም፤ ሰውና ዕቃ ማጓጓዝ፣ በመጋዘን ከባድ ጭነት ማንሳትና መግፋት፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዘ ሥራ፣ የማዕድን ቁፋሮ፣ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ መግባት ከተከለከሉት መካከል ናቸው። በዚህ መለኪያ በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» የሚለው የ16 ዓመት ረዳት ከሕግ ውጭ ነው። በአራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው እኩያው ግን በሕግ ውስጥ ነው። ከተማው የሚያየው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ረዳቱን ማንም አያስቆመውም፣ ፎቶ ኮፒ አንሺው መታወቂያ ይጠየቃል።

ከዚህ ሁሉ ድንጋጌ ውስጥ ልጁ፣ ወላጁ ወይም አሠሪው ወደ አንድ ቢሮ ሄዶ ፈቃድ ያውጣ የሚል የለም። በዚሁ አዋጅ የሥራ ፈቃድ የሚያስፈልገው የውጭ አገር ዜጋ ነው፤ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ይሰጥና በየዓመቱ ይታደሳል። ለአገሩ ልጅ ዕድሜው መድረሱ ይበቃል። አንድ ማኅተም ለማግኘት ሦስት ቢሮ በሚያዞር ከተማ ውስጥ አንድ ወረቀት መቅረቱ የምሥራች ይመስላል። ነገር ግን የምሥራችነቱ ለማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕድሜ መድረሱ ይበቃል ያለው ሕግ መድረሱን ማን እንደሚያረጋግጥ አልተናገረም። ስለዚህ እያንዳንዱ አሠሪ የራሱን መልስ ይሰጣል፤ ጠንቃቃው በሩን ይዘጋል፣ ግድ የሌለው ይከፍታል። በመጨረሻ ልጁ የሚደርሰው ምንም ወረቀት የማይጠይቀው ዘንድ ነው። ወረቀት የማይጠይቅ አሠሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰዓትም አይቆጥርም።

በአዲስ አበባ ዘመድ አሜሪካ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ የተማሪ የሥራ ፈቃድ ጥያቄ የሚነሳውም አንዳንድ ጊዜ በዚያ በኩል ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የአክስት ልጅ ደውሎ «ትምህርት ቤት የሥራ ፈቃድ ሰጠኝ» ሲል እዚህ ያለው እኩያው ለምን እኛ ዘንድ የለም ይላል። በካሊፎርኒያ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ተማሪ ሥራ ሲያገኝ አንድ ቅጽ ይወስዳል። አሠሪው ምን ሥራ እንደሚያሠራው ይሞላል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ትምህርት ባለበት ቀን ከ3 ሰዓት፣ የ16 እና የ17 ዓመቱ ከ4 ሰዓት በላይ አይሠራም። በእንግሊዝም ለትምህርት ዕድሜ ልጆች ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ነው።

ነገር ግን አሜሪካ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አያስገድድም፤ ጉዳዩ የየግዛቱ ነው። የአርካንሳስ ግዛት ከ16 ዓመት በታች ላሉት ይጠይቅ የነበረውን ፈቃድ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰርዞታል። ያሰረዙት ወገኖች ወላጅ በልጁ ጉዳይ የመንግሥትን ይሁንታ ለምን ይጠብቃል አሉ። የተቃወሙት ደግሞ ልጆች የት፣ ምን እንደሚሠሩ የሚያሳየው ዱካ ያ ወረቀት እንደነበር ተናገሩ። እኛ ይህን ክርክር ሳናደርግ ነው የአርካንሳስን ውጤት ይዘን የተቀመጥነው።

በእኔ ዓይን የካሊፎርኒያው ወረቀት ጥቅም ፈቃድነቱ አይደለም። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎችን፣ ማለትም ወላጁን፣ አሠሪውንና ትምህርት ቤቱን፣ በአንድ ገጽ ላይ ያስፈርማቸዋል። ከዚያም በላይ የሥራ ሰዓቱን ከትምህርት ሰዓቱ ጋር ያገናኘዋል። የእኛ አዋጅ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። 7 ሰዓት ሲል ልጁ ትምህርት ቤት ይዋል አይዋል አልጠየቀም። ሒሳቡን እንሥራው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ክፍል ውስጥ የዋለ የ15 ዓመት ልጅ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ካፌ ውስጥ ቢያስተናግድ የሠራው 6 ሰዓት ነው። ከሰባቱ ሰዓት አላለፈም፣ የሌሊቱን ክልከላም አልጣሰም፤ አሠሪው ንጹሕ ነው። ልጁ ግን ከ13 ሰዓት በላይ በእግሩና በዴስክ ላይ ቆይቷል። ቤቱ ሲደርስ ስንት ሰዓት እንደሚሆንና የቤት ሥራውን መቼ እንደሚሠራ ለመገመት የትራንስፖርት ሰልፉን ማየት ይበቃል።

ወረቀት አይጠየቅም ያልነው በሕግ ነው እንጂ በተግባር አሠሪ የሚጠይቀው ሌላ ወረቀት ሞልቷል። መጀመሪያ የልደት የምስክር ወረቀት አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የወጣ ቢሆንም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መገባደጃ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የልደት ወረቀት ሲያስፈልግ ብቻ የሚወጣ ነገር ነበር፤ ለፓስፖርት፣ ለዲቪ፣ አባት ውጭ ካለ ለቤተሰብ ጥሪ። እነዚህ ያልገጠሙት ቤተሰብ የክርስትና ካርድ ወይም የክትባት ካርድ ይዞ ቀረ። የፋይዳ ቁጥር ያወጡ ልጆች አሉ፤ ፋይዳም የትውልድ ቀን ይይዛል። ነገር ግን ልጁ ተማሪ ስለመሆኑ፣ ከክፍል በስንት ሰዓት ስለመውጣቱና ወላጁ ስለማወቁ የሚናገረው ነገር የለም።

ከዚያ ዋስ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ዋስ ሳይጠራ ቅጥር አይታሰብም፤ ያውም ደመወዝተኛ ዋስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ። በቀን ሦስት መቶ ገጽ ፎቶ ኮፒ ለሚያነሳ ልጅ አጎቱ ከቢሮው የዋስትና ደብዳቤ ሲያጽፍ የሰው ኃይል ክፍሉ ኃላፊ ምን ብሎ እንደሚፈርም አላውቅም፣ ግን ይፈርማል። ዋሱ ባለሱቁን ከልጁ ይጠብቀዋል። ልጁ ክፍያው ቢቀርበት ወይም እስከ እኩለ ሌሊት ቢሠራ ባለሱቁን የሚይዝለት ዋስ ግን ማንም አልጠየቀም። ድርጅቱ ትልቅ ከሆነ የሒሳብ ሠራተኛዋ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ትጠይቃለች፤ በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝን ከግብር ነፃ ያደረገ ቢሆንም የደመወዝ መዝገቡ ቁጥሩን ይፈልጋል። በዚህ መሐል ነሐሴ ይጋመሳል።

ማንም የማይጠይቀው ወረቀት ደግሞ አለ፤ ሕጉ ለልጁ የሰጠው ያንን ነው። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ነገር ግን በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ለአዋቂውም ለወጣቱም እኩል ነው። ዋስ ጥሩ ተብለው የተመለሱ እናቶች ይህን ደብዳቤ መልሰው ለመጠየቅ መብት እንዳላቸው ቢያውቁ የሱቁ በር ላይ ያለው ንግግር መልኩ ይለወጥ ነበር።

ቀድሞ ይህ ሁሉ የማያስፈልግበት መንገድ ነበር፤ እርሱም መተዋወቅ ነው። በፒያሳና በካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ልጅ ለክረምት ሲሠራ የሚሠራው እናቱ በምታውቀው፣ እርሱም ጋሼ በሚለው ሰው ሱቅ ነበር። ወርቅ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ሬዲዮ ጥገና፣ መጽሐፍ መደብር፤ ባለሱቁ ልጁ ሲወለድ ገንፎ የበላ ሰው ነው። ዕድሜውን መጠየቅ አያስፈልገውም፣ እስከ ምሽት ቢያቆየው ደግሞ እናቱ መጥታ ትወስደዋለች። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ብዝበዛ አልነበረም አልልም፤ ጋሼ እከሌ ከፍሎ የማያውቅባቸው ክረምቶች ነበሩ። ቢሆንም የሚያይ ዓይን ነበረ።

ከ2016 ጀምሮ የተካሄደው የኮሪደር ልማትና የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙዎቹን ሱቆች አፍርሷል፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳርቻ ወደ ተሰጠው ቤት ሄዷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ መከራከር ይቻላል። ለያዝነው ጉዳይ የሚመለከተው ግን ልጁን የሚያውቀው ሰው ከሰፈሩ መጥፋቱ ነው። በቦታው የመጣው የገበያ ማዕከልና ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ካፌ የሚቀጥረው በሰው ኃይል ክፍል በኩል ነው። ያ ክፍል የማንንም ገንፎ አልበላም፤ የሚያምነው ወረቀትን ነው። ስለ ተማሪ የሥራ ወረቀት ዛሬ መነጋገር ያስፈለገው አሜሪካኖች ስላላቸው ሳይሆን መተዋወቁ ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር ስላልተተካ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ክረምት ሥራ ነው። በመሐል አዲስ አበባ ክረምት ከበጋ እየሠሩ የሚማሩት ግን ሌሎች ናቸው። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ የማታ ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች የሚጣደፉትን ልጃገረዶች ማየት ነው። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ወጡን ሠርተው፣ ዕቃውን አጥበው፣ የሌላ ሰው ልጅ ከትምህርት ቤት አምጥተው ነው ደብተር የሚይዙት። በደላላው ፊት በሚደረገው ድርድር «ማታ ትማራለች» የሚለው ቃል እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፤ ተማሪ ናት ተብሎ ከወር ክፍያዋ የሚቀነስ አለ። እንግዳ በመጣ ቀን፣ ልጅ በታመመ ቀን፣ የበዓል ዋዜማ በሆነ ቀን ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው ክፍሉ ነው።

አዋጅ 1156 እነዚህን ልጆች አይመለከትም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ተደርጎ፣ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተትቷል። ስለዚህ 7 ሰዓት የሚለው ገደብም፣ የሌሊቱ ክልከላም፣ የበዓል ዕረፍቱም ለ16 ዓመቷ የቤት ሠራተኛ በቀጥታ አይደርስም። የሚቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እርሱም የሥራና የዕረፍት ጊዜዋን ጉዳይ በአብዛኛው ለአሠሪዋ አስተዋይነት የሚተው ነው። በማታው ትምህርት ቤት አንድ ነገር ሲፈጠር ርእሰ መምህሩ «ወላጅ አምጪ» ይላል። ወላጅ ጎጃም ወይም ወሎ ነው። የምትመጣው እትዬ ናት፤ በወላጅ መስመር ላይ የምትፈርመውም እርሷ ናት። አሠሪና ወላጅ በአንድ ፊርማ ይጠቃለላሉ። የካሊፎርኒያው ወረቀት ሦስት ሰው ያስፈርማል ብለናል፤ እዚህ ግን ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። እትዬ ደግ ሰው ከሆነች ልጅቷ ዐሥረኛ ክፍል ትደርሳለች። ካልሆነች የሚጠይቃት የለም።

ታዲያ ወረቀቱ ይኑር ብንል ማን ይስጠው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመልሰው ወረዳው ይስጥ ብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ወረዳው ልጁን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የቤት ቁጥሩን ነው። ሲስተም የለም ተብሎ የሚመለስበት ቀን ብዙ ነው፤ የክረምት ሥራ ደግሞ ሁለት ወር ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ወረቀቱ ግዴታ ከሆነ በኋላ የሚመጣው ነው። ማኅተም ያለበት ቦታ ሁሉ ለማኅተሙ የሚከፈል ነገር ይፈጠራል። ወረቀቱን የማያገኘው ድሃው ልጅ ይሆናል፤ መርካቶ ውስጥ ከዕድሜው በላይ ሸክም የሚሸከመው ደግሞ እንደ ድሮው ያለ ወረቀት ይሸከማል። ሊስትሮው ከነጭራሹ አሠሪ ስለሌለው የትኛውም ፈቃድ አይደርስበትም። ፈቃድ የሚባል አጥር በታማኙ ልጅ ፊት ብቻ ይቆማል።

ትምህርት ቤቱ ግን ዕድሜውን በመዝገብ፣ የመውጫ ሰዓቱን በደወል ያውቀዋል፤ መቅረት የጀመረ ቀንም መጀመሪያ የሚያየው የክፍል ኃላፊው መምህር ነው። የቤት ሠራተኛዋም ቢሆን ስሟ በመዝገብ ተጽፎ የሚገኘው አንድ ቦታ ቢኖር የማታው ትምህርት ቤት ነው። ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ አዲስ ሥራ አይሆንበትም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የሚጀምር፣ ፎቶግራፍ የተለጠፈበትና ክብ ማኅተም ያረፈበት የተማሪነት ማረጋገጫ ዛሬም ይጽፋል። በዚያ ደብዳቤ ላይ ሦስት መስመር ይጨመርበት ነው የምለው፤ የልጁ የትውልድ ቀን፣ ትምህርቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ትምህርት ባለበት ቀን ከስንት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ። ከሥሩ ወላጅና አሠሪ ይፈርሙ። ቅጂው ለወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ እንዲፈቅድ ሳይሆን እንዲያውቅ ብቻ። ወላጅነትና አሠሪነት በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ደግሞ መምህሩ ራሱ ሦስተኛ ፈራሚ ይሁን።

በሕጉ ውስጥ ለዚህ የሚቀርብ ነገር ቀድሞም አለ። አዋጁ 15 ዓመት የሞላው ልጅ ሙያ ለመልመድ ውል እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ያ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው የመንግሥት አካል መረጋገጥ አለበት። ለልጅ ሥራ መንግሥት ፊርማውን የሚያኖርበት ቦታ ይህ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ጋራዡና ማተሚያ ቤቱ ልጅ ሲያለማምዱ ይህን መንገድ ቢጠቀሙበት ባለሱቁ የፈራው ተጠያቂነት ይቀልለት ነበር። እንዳይጠቀሙ የሚያደርጋቸው ክፋት አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ ውል መኖሩን የነገራቸው የለም።

አሠሪዎች አንድ ተገቢ ቅሬታ ያነሳሉ። ሰዓት ሲቆጠር፣ ወረቀት ሲሞላ፣ ምሽት ሲከለከል ዐሥራ ስምንት የሞላውን መቅጠር ይቀላል ይላሉ። እውነት ነው፤ በተለይ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር አዋቂውም በርካሽ ይገኛል። ስለዚህ ወረቀቱ ነፃ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅና አንድ ገጽ ብቻ ካልሆነ ባይጀመር ይሻላል። ባለሱቁ ከዚህ የሚያገኘው ጥቅምም ትንሽ አይደለም። ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል፤ ዛሬ ልጁን የሚመልሰው ያ ስለሌለው ነው።

ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የከተማው ትምህርት ቢሮና የሥራና ክህሎት ቢሮ በጋራ የሚፈርሙት አንድ ሰርኩላርና አንድ ወጥ ቅጽ ይበቃል። የቤት ሠራተኞቹን የሥራ ሰዓት የሚወስነው ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ድርሻ ስለሆነ እርሱ በሌላ መንገድ መጠየቅ አለበት። ቅጹ ግን ከግንቦት በፊት በየትምህርት ቤቱ ካልደረሰ ለዘንድሮው ክረምት አይሆንም፤ በሐምሌ ርእሰ መምህሩም ማኅተሙም በቢሮ አይገኙም።